የመርዶ ዋዜማ በኦስቲያ

ጌጡ ለዚህ ሥራ ደምለውን የመረጠው ለፊቱ ሲል ነው።

«አሎራ፣ ስማኝማ፣» አለው ቅዳሜ ከሰዓት ደውሎ። «ሌላ ሰው ብልክ ገና ሲያያት ዕንባው ዱብ ይላል። ያንተ ፊት ግን ዓመት ከዓመት እንደተቋጠረ ነው። ከሱ ላይ ማን ምን ያነባል?»

ሌላውን ሰው ሲጠሉት ይሰድቡታል፤ ደምለውን ግን ሲመርጡት እንኳ ሰድበው ነው የሚመርጡት። ለሠርግ ሲሆን ጠሪ የለው፤ ለሸክም፣ ለጥበቃ፣ ዕቃ ለማመላለስ ሲሆን ስሙ ከሁሉ ይቀድማል። ይሁን። እምቢ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሚጠበቁት ሰው ማን እንደሆኑ ሲሰማ ግን አፉን መልሶ ዘጋው።

የሚጠበቁት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወንድም ፀሐዬ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ሰላም ውሎ ሰላም አምሽቶ በተኛበት ሳይነቃ ቀረ። ወሬው በማግስቱ ሮም ገባ። እዚህ ያለ የሐይቅ ሰው ሁሉ ሰማ፣ ከሳቸው በቀር። በደንባችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን የመጣ ሰውም አይናገረውም። ማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። የእኅታቸው ልጅ ንግሥት ከሚላኖ የምትደርሰው እሑድ አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ መርዶው ለሰኞ ንጋት ተቀጠረ፤ እሑድን ግን አንድ ሰው ይዟቸው መዋል ነበረበት። ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ያያቸው ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል። የሮምን የሐይቅ ሰው የሚያስተባብረው ጌጡ ለዚህም መላ አላጣም። «ቄሱ ናፖሊ ተጠርተው ሄደዋል፣ የነገው ቅዳሴ ቀርቷል» አላቸው። በቅዳሴ ዋሸ! የጌጡ ልጅ ሔራን ደግሞ «የስልክዎ መስታወት ተሰንጥቋል፣ ላሠራልዎት፣ ነገ አመጣዋለሁ» ብላ ስልካቸውን ይዛ ሄደች።

«አንተ ኦስቲያን ታውቀዋለህ፣» አለ ጌጡ። «ባሕሩን አሳያት። ነፋስ ይምታት፣ ደክሟት ትግባ። በቃ።»

«ቫ ቤኔ፣» አለ ደምለው።

እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቱ ጌጡን ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። ግን ማን የደምለውን ነገር ያስባል?

ደምለው ኦስቲያን የሚያውቀው በትከሻው ነው። በጣሊያኖቹ በጋ ስታቢሊሜንቶ በሚሉት የባሕር ዳር መዝናኛ ግቢ ውስጥ ጃንጥላ ይተክላል፣ የፀሐይ አልጋ ይደረድራል፣ ማታ ያጥፋል፣ ጠዋት ይዘረጋል። በክረምት ደግሞ ያንኑ ባዶ ግቢ አሸዋ እንዳይውጠው ይጠብቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ የተሰበረ ይጠግናል። ትምህርቱ ስምንተኛ ላይ የቆመ ሰው ነው። የተበደለውን መቁጠር ላይ ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ አይደርስበትም።

የበደሎቹ ሁሉ አለቃ ደግሞ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነበር።

ያኔ ሮም አዲስ ነው፤ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች ካምፖ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ ጉዳዩን የሚወስነው ኮሚሲዮኔ ፊት የሚቀርብበትን ቀን ይጠብቃል። እናቱ እማማ ለተንሳኤ ሐይቅ ላይ ሞቱ። የሐይቅ ሰው ተሰብስቦ መከረ። «አይነገረው፣» ያሉት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናቸው። «ኮሚሲዮኔው ፊት ይሰበራል። ወረቀቱን ይያዝና ያኔ እናረዳዋለን።» ቀጠሮው ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ። እሱ እናቱ በሕይወት ያሉ መስሎት እየሣቀ ከረመ። በጌጡ ልጅ ክርስትና ላይ መሐል ገብቶ እስክስታ ወረደ፤ የሚያውቁት ሁሉ ከበው አጨበጨቡለት። የባሰው ደግሞ ሻርፑ ነው። የመጀመሪያ ደሞዙን እንዳገኘ ለእናቱ የሱፍ ሻርፕ ገዛ፤ አገር ቤት ሊሄዱ ለተነሡት ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሰጣቸው። ተቀበሉት። ለሞተች ሴት የተላከ ሻርፕ፣ ዐይኑን እያዩ፣ «ምን ያምራል» ብለው አጥፈው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱት።

ኋላ ሲያረዱት ለቅሶው ሁሉ አልቆ፣ ተዝካሩ ወጥቶ ነበር። ሰው በራሱ እናት ለቅሶ ላይ ከሁሉ መጨረሻ ሲደርስ ምን ብሎ ያለቅሳል? አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በገቡበት ቤት እሱ ወንበሩን ቀይሮ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። «እትዬ» ማለቱንም ተወ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እሱ ቂሙን ይዞ ጸሎቱን ተወው።

እና ቅዳሜ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ቆረጠ። እነግራታለሁ። ባሕሩ ዳር አቁሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድምሽ ሞቷል እላታለሁ። ሰው እንደ በግ አይነዳም፤ እኔ ስነዳ ከርሜያለሁ፣ ሌላውን አልነዳም። ይህ ሐቀኝነት ይሁን በቀል እሱም አለየውም። ምናልባት አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ጫማ ያጠልቃሉ።

*

እሑድ ጠዋት ፒራሚዴ ባቡር ጣቢያ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቀድመው ደርሰው ቆመው ነበር። ጥቁር ካፖርት፣ ከላዩ ነጠላ፣ በእጃቸው የገበያ ዘንቢል። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት ነው፤ ልጆቹን አሳደጉ፣ የልጅ ልጆቹን አሳደጉ፣ አሁን ራሷን ሲኞራዋን ያጥባሉ።

«እንደምን አደሩ፣» አለ ደምለው ባቡሩን እያየ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጌጡ አንተ እንደምትወስደኝ ሲነግረኝ ‘የትኛው ደምለው?’ አልኩት።»

ባቡሩ መጣ።

ባዶ ነበር፤ በጥር ኦስቲያ የሚሄድ ማን አለ? ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን አጥርና የታጠበ ልብስ የተሰጣበትን ሰገነት ያያሉ። «አገራችን አሁን በጋ ነው፣» አሉ። «ሐይቁ ይሄኔ መስታወት ይመስላል። ኦስቲያ እኮ ብዙ መጥቻለሁ፣ ግን ባሕሩን የማውቀው በጀርባዬ ነው። ልጆቹ አሸዋ ላይ ሲጫወቱ እኔ ወደነሱ ዞሬ፣ እንዳይጠፉ እንዳይሰምጡ ዐይኔን ሳልነቅል። በሙሉ ዐይኔ ያየሁት ቀን የለም።»

ደምለው ይህን ሰምቶ ፊቱን ይብስ ቋጠረው። ልታሳዝኚኝ ነው፣ አለ በልቡ። አታሳዝኚኝም።

ከጣቢያው ወጥተው ወደ ፖንቲሌው ሄዱ። ፖንቲሌ የሚሉት ከመንገዱ ተነሥቶ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ድልድይ ነው፤ ወዲያ ማዶ የለውም፣ ውሃ ላይ ያልቃል። ደምለው ቦታውን የመረጠው ለዚህ ነበር። መጨረሻው ላይ ስንደርስ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም።

ደረሱ። ከሥራቸው ማዕበሉ ምሰሶውን ይደበድባል። ሰማዩ የጠራ ነው፣ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ዝም ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ። ደምለው ጎሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል…»

«ዳር የለውም!» አሉ ዞረው፤ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ። «የኛው ሐይቅ እኮ ዞረህ ዞረህ ወዳንተው ትመለሳለህ። ይኼ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ሰርዴኛ፣» አለ ደምለው።

«ምን ልትለኝ ነበር?»

«ብርድ… ይበርድዎታል። ወደ አሸዋው እንውረድ።»

ራሱን ረገመ። ግን ወረዱ።

*

የክረምት ባሕር ዳር ሌላ አገር ነው። በበጋ ረድፍ ረድፉን ጃንጥላ የሚቆምበት ቦታ ራቁቱን ቀርቶ፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹ በሳንቃ ተቸንክረው፣ አሸዋው በነፋስ ተነድቶ በራቸውን እስከ ወገብ ይዘጋቸዋል። የኦስቲያ አሸዋ ጥቁር ነው፤ ብረት አለበት፣ ሲረጥብ የጤፍ አሻሮ ይመስላል። ሊቤቾ የሚሉት ነፋስ በነፈሰ ማግሥት ደግሞ ዳርቻው ሁሉ በሸምበቆ፣ በግንድ፣ በጠርሙስ ይሞላል።

«ይህን ሁሉ ማን ጣለው?» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል።

«ወንዙ ነው። ቴቬሬ። ሮም የጣለችውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣል። ባሕሩ ደግሞ አልቀበልም ብሎ እዚህ ይተፋዋል።» ትንሽ ሄደና ጨመረ፤ «እንደኛ ነው።»

«እንዳንተ በል። እኔን ማንም አልተፋኝም።»

ሳያስበው ሊሥቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ሣቁን በሳል መለሰው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ዝም ማለት አይሆንለትም። የሚሠራበትን ግቢ አሳያቸው፤ ጃንጥላ የሚተከልበትን ጉድጓድ፣ ማዕበሉ ባለፈው ክረምት ነክሶ የወሰደውን አጥር፣ አሸዋው እንዳይሄድ እሱ ራሱ ከወዳደቀ ሸምበቆ የጠለፈውን መከታ። «ሸምበቆውን እንዲህ አጋድሜ ነው፣» አለ። «ቀጥ አድርገህ ካቆምከው ነፋስ ይነቅለዋል።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መከታውን ዳሰሱት። «ይህ እኮ የሐይቅ እጅ ነው። ፀሐዬ ልጅ ሆኖ ደንገል አጭዶ እንዲህ ነበር የሚጠልፍ። ቢያይህ ደስ ይለው ነበር።»

የስሙ መጠራት ደምለውን ደረቱ ላይ እንደተመታ አደረገው።

እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን ዘንቢሉ ውስጥ ከተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በዚያ ብርድ እግራቸውን ማዕበሉ ጫፍ ላይ ነከሩ። ጮኹ። ሣቁ። በመዳፋቸው ውሃ ዘግነው ቀመሱና ተፉት። «እቴ! ይህን ሁሉ ውሃ አበላሽቶት!» አሉ፤ ማን እንዳበላሸው እግዜር ይወቅ። ከዚያ እያጎነበሱ ይለቅሙ ጀመር። ማዕበል ያለሰለሰው የጠርሙስ ስባሪ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ከረሜላ። ቀዳዳ ያለው ነጭ ዛጎል።

«ፀሐዬ ነው ያዘዘኝ፣» አሉ። «ባለፈው ስንደዋወል፣ ‘ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ዳር ተቀምጠሽ አንድ ነገር አትልኪልኝም?’ አለኝ። ‘ሮም ባሕር ዳር አይደለም፣ አንተ ደንቆሮ’ አልኩት። ሣቀብኝ። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው አለ፣ እልክለታለሁ። እንካ ያዝልኝ፣ ያንተ ኪስ ሰፊ ነው።»

ዛጎሉን ዘረጉለት። ደምለው እጁን አልዘረጋም።

«ያዘው እንጂ! አይነክስህ።»

ያዘው። ቀዝቃዛ፣ ቀላል ነገር ነው። «ምን ያምራል» የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። አጥፎም ባይሆን፣ የሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ያኔ ነው የገባው። ለሞተ ሰው የተላከ ዕቃ መቀበል ምን እንደሚመስል እስከዚያች ሰዓት አያውቀውም ነበር። ስንት ዓመት የሰጪውን እጅ ብቻ ሲያስብ ኖሯል፤ የተቀባዩን እጅ አስቦት አያውቅም። ለካ እሱም ይቃጠላል። ለካ «ምን ያምራል» የሚባለው ሌላ ሁሉ ቃል ጎሮሮ ላይ ስለሚቀር ነው።

ከዚህ በኋላ ደምለው ነገሩ ሁሉ ተበላሸበት። ልንገር ቢል አፉ አልታዘዝ አለው። ዝም ልበል ቢል እጁ ዝም አልል አለው። ዘንቢሉን ከእጃቸው ተቀበለ። አሸዋው በረገበበት ሁሉ «በዚህ፣ በዚህ» እያለ ደረቁን መንገድ መረጠላቸው። የዓሣ አጥማጆቹ ቦይ ጋ ሲደርሱ፣ ከተገለበጠች አሮጌ ጀልባ አጠገብ፣ ጃኬቱን አውልቆ ሳንቃው ላይ አነጠፈና አስቀመጣቸው። ብርዱ ሹራቡን ዘልቆ ሲገባ ታወቀው። አላስጨነቀውም።

ምሳ ወጣ፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በቴርሞስ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ። ደምለው እንቁላሉን ልጦ፣ ጨው ነስንሶ፣ ዘረጋላቸው።

«እንኩ፣ እትዬ።»

እጃቸው መሐል ላይ ቆመ።

«ደምለው።»

«አቤት።»

«አሁን ምን ብለህ ጠራኸኝ?»

«ምን አልኩ?»

«እትዬ አልከኝ።» እንቁላሉን አልተቀበሉትም። ዐይናቸው ፊቱ ላይ ተተከለ። «ዘንቢሌን ተሸከምክ። ጃኬትህን አነጠፍክልኝ። እንቁላል ልጠህ ዘረጋህልኝ። አንተ እኮ እኔ ስገባ ወንበር የምትቀይር ሰው ነህ።»

«ሰው አይለወጥም እንዴ?»

«ይለወጣል። ግን በአንድ እሑድ አይለወጥም።» ነፋሱ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፈው፤ አላነሡትም። ድምፃቸው ወረደ። «ቅዳሴው ቀረ ተባልኩ። ስልኬን ወሰዱብኝ። አንተ ደግሞ ደግ ሆንክ። ማን ሞቶብኝ ነው፣ ደምለው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። የተቋጠረውን ፊቱን ፈለገው፤ ያ ስንት ዓመት ያገለገለው ፊት፣ የተላከበት ፊት፣ አልመጣም አለ። ጌጡ ሁሉን አስቦ ይህን አንድ ነገር አላሰበም፤ መራራ ሰው ሲለሰልስ ከመለከት የበለጠ እንደሚሰማ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መልስ አልጠበቁም። «እናቴ የለች። አባቴ የለ። ንግሥት ከሆነች ከሚላኖ ቶሎ ይሰማ ነበር። ያለኝ…» አሉና አቆሙ። ዐይናቸው ከፊቱ ወርዶ ኪሱ ላይ ዐረፈ፣ ዛጎሉ ያለበት ኪስ ላይ።

«አዎ፣ እትዬ፣» አለ ደምለው። «ፀሐዬ ነው።»

*

ወዲያው አልጮኹም። ነጠላቸውን አነሡ፣ አራገፉ፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው ገልብጠው ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለበሱት። ከጀልባዋ ወርደው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

«ታሞ ነበር?»

«አልታመመም። በተኛበት ነው።»

«ማን ቀበረው?»

«አገሩ ሁሉ ወጥቶ። ከእናታችሁ ጎን ነው አሉ።»

ያኔ ጮኹ። ደምለው እንዲህ ያለ ጩኸት ከአገሩ ከወጣ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። በሮም ሰው በፎቅ ቤት፣ ጎረቤት እየፈራ፣ ትራስ ነክሶ ነው የሚያለቅሰው፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። እዚህ ግን ባሕሩ ከሳቸው በላይ ይጮህ ነበር። ደረታቸውን እየመቱ፣ እንደ ሐይቅ ሴት፣ ግጥም አወጡ፤

የሰው አሮጊት ጦሬ፣ የሰው ልጅ አጥቤ፣
ወንድሜን ሲቀብሩት አልነበርኩም ቀርቤ።

ደምለው መጀመሪያ የሚያደርገው ጠፋው። የሚይዝ ሰው የለ፣ «አይዞሽ» የሚል ሴት የለ፣ ሽማግሌ የለ። ደንቡ ብቻውን የመጣ ሰው አይናገር የሚለው ለካ ለዚህ ነበር። በጉልበቱ ወርዶ ደረታቸውን እንዳይጎዱት እጃቸውን ያዘ፤ ያን ጊዜ እሱ ዘመድም ሆነ፣ ጎረቤትም ሆነ፣ ዕድርተኛም ሆነ።

ከቦዩ አፍ ላይ ዘንግ ተክሎ ዓሣ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን እየፈራ ጠጋ አለ። «ቱቶ ቤኔ? ሲኞራዋ ታመመች?» አለ።

«ፍራቴሎ፣» አለ ደምለው በእጁ ወደሳቸው እያመለከተ። «ወንድሟ። ሞርቶ።»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። የሚሄድ መስሎት ነበር ደምለው፤ አልሄደም። በዚያ ነፋስ ውስጥ መላጣ ራሱን ይዞ፣ ቆቡን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ዘንጉ ከኋላው ሲጎብጥ ደምለው አየ፤ ዓሣ ይዟል። ሽማግሌው ግን ዞር አላለም። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰገደና ሄደ። ለቀስተኛ ሆኖ የመጣ እሱ ብቻ ነበር፣ ደግሞ በደንቡ ለቅሶ ደረሰ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ድምፃቸው እየሻከረ፣ እየቀነሰ መጣ። ደምለው አለቀ ሲል፣ እጁን እንደያዙ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በዚያው ዜማ ሌላ አወጡ፤

እናት ለተንሳኤ ልጅ ሳያለቅስላት፣
ከርሞ ባሕር ዳር ላይ እንባው ደረሰላት።

በአገራችን ለቅሶ ላይ የሌላውን ሰው ሙት ማንሣት የቆየ ልማድ ነው፤ ለቅሶ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ደምለው ያውቀዋል። ግን የሱን እናት ማንም አንሥቶለት አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ አሸዋው ላይ ተደፋ፤ ፊቱ ጥቁር አሸዋ እስኪሆን ድረስ አለቀሰ። የአምሳ ዓመት ሰው «እማዬ» እያለ።

*

ሲጨርሱ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ጠጡት።

«ልነግርህ መጥቼ ነበር፣» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ባሕሩን እያዩ። «ካስቴልኑቮ ድረስ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁህ፣ ከልጆች ጋር ኳስ ትጫወታለህ። ተመለስኩ።»

«እስክስታ ስወርድ አጨበጨቡልኝ።»

«አጨበጨብኩ። ባላጨበጭብ ታውቅ ነበር።»

ደምለው ይህን አላመጠው። እውነት ነው፤ ማጨብጨብ ካልቻለ ሰው ያውቃሉ። እሱ ራሱ አንዲት እንቁላል ልጦ ተያዘ።

«ያቺን ጭብጨባ ግን አልረሳትም፣» አለ።

«አትርሳት። እርሳ አላልኩህም።» የቴርሞሱን ክዳን እየገጠሙ፣ «ሻርፑን እማማን ለገነዘቻቸው ሴት ሰጠኋት። ‘ልጃቸው ነው የላከልሽ’ አልኳት። መርቃሃለች። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። መቼ ጠየቅኸኝ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ሻርፑ እሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። አንዳንዴም በሕልሙ እሳቸው ለብሰውት ያያቸዋል። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ አልጠየቀም። ቂም ጥያቄ አይወድም፣ መልስ ያጠፋዋል።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ማዘንበል ስትጀምር ተነሡ። ጃኬቱን አራግፈው ሰጡት። ጫማቸውን ሲያጠልቁ ክንዱን ያዙ፤ ከዚያም አልለቀቁትም።

ባቡር ጣቢያው ደርሰው ሲጠብቁ የደምለው ስልክ ጮኸ። ጌጡ ነው። ደምለው ሳያነሣው ወደ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዞረ።

«ምን ልበለው?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አሰቡ። «ንግሥት መንገድ ላይ ናት፣ አይደል? ልጅቱ ስንት ሰዓት ባቡር ላይ ተቀምጣ እኔን ለመያዝ ነው የምትመጣው። ጌጡም ሰው ሰብስቧል። እነሱም ሊያለቅሱ ይፈልጋሉ፤ ፀሐዬ የኔ ብቻ አልነበረም።» ነጠላቸውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ ቦታው መለሱ፣ ፊታቸውን በጫፉ ጠረጉ። «ነገ ማለዳ ያንኳኩ። እከፍትላቸዋለሁ። እንዳልሰማ ሰው።»

«እትዬ፣ ዐይንዎ…»

«ዐይኔ ነፋስ መታው። ባሕር ዳር ውዬ የለ?»

«እንዴት ይችሉታል?»

«አንተ ፊት ችዬ የለ?»

ስልኩ አላቆመም። ደምለው አነሣው።

«አሎራ፣ እንዴት ዋላችሁ?» አለ ጌጡ በሹክሹክታ። «ጠረጠረች?»

ደምለው መደበቅን እንደ እባብ ሲጠላ የኖረ ሰው ነው። ሰው አይደበቀውም፣ ሰው አይነዳም እያለ ለራሱ ሲምል የኖረ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን አያቸው። እሳቸው የባቡሩን ሐዲድ ያያሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

«ምንም፣» አለ። «ባሕሩን አዩ፣ እንቁላል በሉ፣ ደከማቸው። ምንም አልጠረጠሩም።»

«ግራንዴ! እኔ ብዬ አልነበር? ያንተ ፊት!»

ዘጋው። ባቡሩ መብራቱን አብርቶ ከሩቅ ብቅ አለ። ደምለው እጁን ኪሱ ሲከት ዛጎሉን አገኘው፤ አውጥቶ ዘረጋላቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጣቶቹን አጥፈው መልሰው እጁ ውስጥ ዘጉለት።

«ነገ ስትመጣ፣» አሉ፣ «ፊትህን እንደ ድሮው ቋጥረህ ና። አለዚያ ያውቁብናል።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እስቲ ቋጥረው ልየው።»

ደምለው ቅንድቡን ሰበሰበ፣ ከንፈሩን ጨመቀ፣ ጉንጩን ነከሰ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቀና ብለው መረመሩት፤ አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ።

«አይሆንም፣» አሉ። «ነገ ከሰው ኋላ ቁም።»